የእንቁላል ዝናር

ማናህሎሽ ከሞጆ ወደ ጁባ ስትመለስ በእጇ ያንጠለጠለችው አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ከሀገር ቤት ሲመጣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቅቤው ሻንጣ አያስዘጋም። እሷ ግን እናቷን ቀብራ መምጣቷ ስለነበር ለበርበሬ የሚሆን ልብ አልነበራትም። ጣሳው ውስጥ ጤፍ ነበር፤ ጤፉ ውስጥ ደግሞ ዘጠኝ እንቁላል ተቀብሯል።

የአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሽ ክዳኑን ከፍቶ ጣቱን ጤፉ ውስጥ ሰደደና አንዱን ጎልጉሎ አወጣ።

«ዴ ሹኑ፣ ማማ?» አላት፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«ቤድ» አለችው። ጁባ ኖራ የእንቁላልን ስም የማታውቅ ሴት የለችም።

ጁባ ውስጥ እንቁላል ጠፋ እንዴ ብሎ ሳቀባት።

«ታ ማማ ታይ» አለችው። የእናቴ ነው።

ሰውዬው እናትዬዋ በሕይወት ያሉ መሰለውና ማማን ሰላም በያት ብሎ እንቁላሉን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ጤፉ ውስጥ መለሰው። ማናህሎሽ ክዳኑን ገጥማ፣ አመስግና፣ ከበሩ እስክትወጣ ድረስ እንባዋን ያዘች። ከዚያ ቦዳቦዳ ላይ ተፈናጠጠች። ሞተረኛው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ጣሳውን ከደረቷ እያጣበቀች «ሹያ ሹያ፣ ወንድሜ፣ ቀስ በል» እያለች፣ እሱም ይቺ ሴትዮ ቦምብ ይዛ ይሆን እንዴ እያለ በመስታወቱ እያያት፣ ሰፈሯ ሃይ ማላካል ደረሱ።

ባሏ ከፍያለው በር ላይ ተቀበላት። ከፍያለው የአንድ ሕንፃ ተቋራጭ ፎርማን ነው፤ ድምፁ ከሲሚንቶ ማቡኪያው በላይ የሚሰማ፣ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው። አቅፎ አጽናናትና ጣሳውን ሲያይ «በርበሬው በዚህች ብቻ ነው የመጣው?» አለ።

«እንቁላል ነው።»

«ለቁርስ?»

«ከፍያለው፣ ከነዚህ አንዱን ብትነካ እጅህን እቆርጠዋለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የማናህሎሽ እናት ወይዘሮ ማንያህልሻል፣ ሞጆ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ባለው ግቢያቸው ጉትያ ያላቸው ገብስማ ዶሮዎች ያረቡ ነበር። ዘሩ ከእናታቸው የመጣ ነው፤ ለእናታቸውም ከእናታቸው። በዚያ ቤት ሴት ልጅ ስትዳር፣ ወርቅ ኖረም አልኖረ፣ ከደጅ የምትወጣው አንዲት ቄብ ታቅፋ ነው። እንቁላል ለመጣል የደረሰች፣ ግን ገና ያልጣለች ቄብ። «በሰው ቤት ሲጨንቅሽ ከቤትሽ የመጣ ነገር ሲንጫጫ ትሰሚያለሽ» ይሉ ነበር እናቲቱ። ማናህሎሽም ከፍያለውን ስታገባ ቄቧን ታቅፋ ወጥታ፣ ቄቧም ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ የሙሽራውን ሱሪ አበላሽታለች። ከፍያለው እስከ ዛሬ ጥሎሽ የከፈልኩት በሱሪዬ ነው ይላል።

እንግዲህ ያ ዘር ዘንድሮ አለቀ። ክረምቱ ሲገባ ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ የሞጆን ሰፈር ጠራርጎ ወሰደ። ከእናቲቱ ግቢ የተረፉት አንዲት ዶሮና አንድ አውራ ነበሩ። እናትየው ሲያርፉ ደግሞ የማናህሎሽ ወንድም ካሳዬ፣ ለቅሶ የመጣ ሰው ጦሙን አይሸኝም ብሎ፣ ምንም ሳያስበው ሁለቱንም አሳረዳቸው። ማናህሎሽ ከጁባ ደርሳ አልቅሳ ዘወር ስትል ዶሮዎቹ የሉም። ዕቃ ቤቱ ጥግ ጭዱ ላይ ግን ዶሮዋ ስትጥል የሰነበተቻቸው ዘጠኝ እንቁላሎች ተቀምጠዋል። ካሳዬ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «አላወቅኩም፣ እህቴ» አለ። አልተቆጣችውም። ጣሳ ስጠኝ ብቻ አለችው።

የቸኮለችበትም ምክንያት ነበራት። አንድ ልጇ ሲና እዚያው ጁባ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ ጸጋአብ ከሚባል የቤተ ክርስቲያናቸው ኪቦርድ ተጫዋች ጋር ቀለበት አስራለች። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ከማንያህልሻል እናት እናት ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣው ነገር ማናህሎሽ ላይ ሲደርስ ሊቆም ነው? እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው።

ሲና ግን እንደ እናቷ አላየችውም።

«እማዬ፣ በቬሎ ዶሮ ልታቀፍ? ሚዜዎቼ ምን ይሉኛል? የባንኩ ሰው ሁሉ ይመጣል እኮ።»

«የባንኩ ሰው ዶሮ አያውቅም?»

«ሳህን ላይ ያውቃል።»

ማናህሎሽ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ አለች። ኑሮዋ በልብስ ስፌት ነው፤ የሰፈሩ ልጆች የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሁሉ በእጇ ያልፋል። መልስ ሲያጥራት ፔዳሉን ትረግጣለች፤ ያ ቀን ሙሉ መኪናው ሲጮህ ዋለ።

እንቁላሉስ መጣ፤ የሚታቀፈው ማነው? እዚህ ላይ ኛኮንግ ትግባ። ኛኮንግ አጥር የምትጋራቸው የሀገሬው ሴት ናት። ልጅነቷን ጋምቤላ ኢታንግ በስደተኛ ካምፕ፣ ጉርምስናዋን አዲስ አበባ አሳልፋ፣ ሰላሙ ሲፈረም ወደ አገሯ የተመለሰች። አማርኛዋ ከማናህሎሽ ይፈጥናል። ወደቡ ላይ ለጫኝና አውራጆች ምግብ አብስላ ትሸጣለች። በዚያ ሰሞን አንዲት ቀይ ዶሮዋ እንቁላል ማቀፍ ፈልጋ፣ ላባዋን ነፍታ፣ የነኳትን ሁሉ እየተቆጣች ግቢውን አስጨንቃለች። ማናህሎሽ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራቻት።

«ኛኮንግ፣ ዶሮሽን ሦስት ሳምንት አውሺኝ።»

«ለምን?»

ማናህሎሽ ከእናቷ ጀምራ እስከ ሠርጉ ነገረቻት። ኛኮንግ አጥሩን ይዛ እስኪያስላት ሳቀች።

«ያ ማማ! እኛ ሴት ልጅ ስንድር ሠላሳ ላም እንቀበላለን። እናንተ ሀበሾች ልጅም ትሰጣላችሁ፣ ዶሮም ትመርቃላችሁ? በዚህ አያያዝ እንዴት ነው ያልከሰራችሁት?»

«ታውሽኛለሽ ወይስ ትስቂያለሽ?»

«ሁለቱንም» አለችና ቀይዋን ዶሮ በክንፏ ሥር ይዛ በቀዳዳው አሳለፈቻት።

ማናህሎሽ ከኩሽናው ጀርባ በቆርቆሮ ጥላው ሥር፣ ቅርጫት ላይ ገለባ ጎዝጉዛ እንቁላሎቹን አስታቀፈቻት። ዶሮዋ አንድ ባንድ በምንቃሯ እየገፋች ሆዷ ሥር ሰበሰበቻቸውና ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ሕግ ተለወጠ። በዚያ በኩል ሰው በሹክሹክታ ነው የሚያልፈው። ልብስ የሚሰጣው በወዲያኛው በኩል ነው። ከፍያለው ማታ ከሥራ ሲገባ በር ላይ ጫማውን አውልቆ «ወይዘሮዋ ተኝተዋል?» ይላል።

«ሳቅ አንተ» ትለዋለች።

«ምን አልኩ? ሠላሳ ሠራተኛ የማዝዝ ሰውዬ በቤቴ በዶሮ እታዘዛለሁ እንጂ ሌላ ምን አልኩ?»

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ማናህሎሽ እንቁላሎቹን በባትሪ መብራት አየቻቸው። ሰባቱ ውስጥ ጥቁር ነገር አለ፤ ደም ሥሩም እንደ ቀጭን ክር ይታያል። ሁለቱ ባዶ ናቸው። ሰባት ስላየች በጣም ደስ አላት፤ ለሞጆው ካሳዬ ስልክ ደውላ ነገረችው። ካሳዬም ለቅሶ ላይ ያላለቀሰውን ያህል አለቀሰ።

ታዲያ ደስታ ሲበዛ ምን ይከተላል? ወባ ተከተለ። ከፍያለው ከሥራ ቦታ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ክሊኒክ መድኃኒት ሰጡት፤ እቤት ተኛ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ቡድን ሊጠይቀው መጣ። መሪዋ እህት ዶርቃ ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም። ጸጋአብም ለአማቱ ክብር ብሎ ኪቦርዱን፣ ጄኔሬተሩን፣ የሕፃን ልጅ ቁመት የሚያህል ስፒከሩን ጭኖ መጣ። ስፒከሩን የት ቢያስቀምጠው ጥሩ ነው? ጥላ ያለበት። ጥላው ያለው ኩሽናው ጀርባ ነው።

ማናህሎሽ ስፒከሩን ስታይ ልቧ ድንግጥ አለ። አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ ያልቅ ነበር፤ እዚህ ጋ የታቀፈች ዶሮ አለች፣ ወዲያ ውሰዱልኝ ማለት ነው። ግን እንዴት ይባላል? ነገ፣ ማናህሎሽ ለዶሮ ብላ የባሏን ጸሎት አስቀነሰች ተብሎ ቢወራስ? ኩራት አፏን ያዘው። ዞር ብላ ብቻ «እህት ዶርቃ፣ ሕመምተኛ አይደል፣ ቀስ ብንልለትስ?» አለች።

«እህት ማናህሎሽ» አለች ዶርቃ፣ «በሽታ በሹክሹክታ ወጥቶ ያውቃል?»

መጀመሪያ በእርግጥም ቀስ ብለው ጀመሩ። ከዚያ ጭብጨባው መጣ። ከጭብጨባው በኋላ ከበሮው፣ ከከበሮው በኋላ ጸጋአብ የስፒከሩን ድምፅ ወደ ላይ አዞረው። ሰማዩም የቀረበት ይመስል አጉረመረመና የጁባ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ምእመናኑ ዝናቡን ሊበልጡ ጮኹ። «ይሄ ትኩሳት ይልቀቅ! አሁን ይልቀቅ!» ትላለች ዶርቃ፤ «አሜን!» ይላል ግቢው። በዚያ መሃል አንድ ቀይ ነገር በጓሮ በኩል አጥሩን ዘሎ ሲያልፍ ያየ ሰው አልነበረም።

እንግዶቹ ሻይ ጠጥተው፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ስፒከሩ ተጭኖ እስኪሄድ ድረስ ማናህሎሽ ወደ ጓሮ አልሄደችም። ስትሄድ ቅርጫቱ ላይ እንቁላል እንጂ ዶሮ የለም። እጇን ሰደደች። እንቁላሉ እንደ ወንዝ ድንጋይ ሊቀዘቅዝ ትንሽ ቀርቶታል።

በአጥሩ ቀዳዳ ኛኮንግን ጠራች። መልስ የለም። ኛኮንግ ልጆቿን ይዛ ረጃፍ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች፤ ቤቷ ተቆልፏል። ዶሮዋ የት እንደገባች ማን ይወቅ።

ማናህሎሽ ቅርጫቱን ታቅፋ ባሏ የተኛበት ክፍል ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «አለቀ» ብቻ አለች። «እናቴ አለቀች።»

ከፍያለው ከብርድ ልብሱ ሥር ዓይኑን ገልጦ አያት። ፊቱ ፍም መስሏል። ሊያጽናናት እጁን ዘርግቶ ጉልበቷ ላይ ቢያሳርፈው፣ እጁ በቀሚሷ ላይ አቃጠላት። እጁን አየችው። ከዚያ ግንባሩን ዳሰሰች። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገልጣ ሆዱን ዳሰሰች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ከፍያለው፣ አንተ ምድጃ ነህ።»

«ታምሜያለሁ እኮ፣ ማኔ።»

«አውቃለሁ። ጋደም እንዳልክ ቆይ።»

አንድ ባንድ እያለች ሰባቱን ሆዱ ዙሪያ አሰለፈቻቸው። ከፍያለው ትንፋሹን ይዞ ጣሪያውን አየ። ሳቁ መጣበት፤ ሲስቅ ሆዱ ተነቃነቀ፤ ሆዱ ሲነቃነቅ ማናህሎሽ ጮኸችበት። እንዲህ እንደማይሆን ስታውቅ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ከዩኒፎርም የተረፈ ካኪ ነበራት። ሰፊ መቀነት አድርጋ ቆረጠችው፣ በሆዱ በኩል ኪስ በኪስ ሰፋችበት፤ ለእያንዳንዱ እንቁላል አንድ ኪስ፣ ከላይ ክዳን ያለው፣ በቁልፍ የሚዘጋ።

ከፍያለው ጨርቁን አገላብጦ አየው።

«ይሄ ዝናር ነው።»

«መቀነት ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ስንት ዓመት ታጥቄዋለሁ፤ ዝናር አላውቅም?»

በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ ስለዚያ ጊዜ እቤት ውስጥ አያወራም። ማናህሎሽም አትጠይቀውም። ኪሶቹን በጣቱ እየነካካ «ያኔ ኪሱ ውስጥ የነበረው ሌላ ነበር» አለ። ከዚያ ጀርባውን ሰጣት። «በይ እሰሪልኝ። ግን ቀስ።»

እንዲህ ሆኖ ከፍያለው እንቁላል ታቀፈ። ተኝቶ እንዳይገለበጥባቸው የፕላስቲክ ወንበር ላይ በትራስ ተደግፎ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ማናህሎሽ እየመጣች ቁልፉን ፈታ እንቁላሎቹን ታገላብጣለች፤ ዶሮም ታገላብጣለችና። ብርድ ብርድ ሲለው ትደርብለታለች፣ ሲያልበው ትጠርግለታለች።

«ማኔ፣ መድኃኒቱን ልውሰድ?»

«ውሰድ እንጂ።»

«ብድንስ?»

«ቀስ ብለህ ዳን።»

እሑድ ማለዳ ዶርቃ ስልክ ደወለች። «ወንድም ከፍያለው እንዴት አደረ? ትኩሳቱ ለቀቀው?»

«ገና ነው፤ ጌታ ይመስገን» አለቻት ማናህሎሽ።

«ምን አልሽ?»

ማናህሎሽ ጉድ ፈላ ብላ እውነቱን አወጣችው፤ ከዶሮዋ እስከ ዝናሩ። ከዚያ ዶርቃ፣ «እንግዲህ ፈውሱ በጌታ ጊዜ ይሁን» አለችና ሳቋን መያዝ አቅቷት ዘጋችው።

ወሬው ጸጋአብ ጋ ሲደርስ ልጁ እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ከፍያለው ከወንበሩ ላይ ሆኖ ከላይ እስከ ታች አየው። «ና ወዲህ። ልጄን ልትወስድ መጥተህ ልጆቼን በስፒከር ልትፈጅብኝ?» አለው። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ መውረድ ሲጀምር ግን የረዳቸው ይኸው ጸጋአብ ነው። ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ እየሞላ፣ በጨርቅ እየጠቀለለ፣ ከአማቱ ሆድ ሥር ሲቀያይር ዋለ። አንድ ጊዜ ሳያስበው የቀረውን የሞቀ ውሃ አማቱ ጉልበት ላይ አፍስሶ ሁለተኛ ስድብ ተቀበለ።

ሲና ያን ቀን ዘመድ ቤት ውላ ስትመጣ ያየችውን አትረሳውም። አባቷ ወንበር ላይ አንቀላፍቷል፤ ጢሙ አድጓል፣ ከንፈሩ በትኩሳት ተሰነጣጥቋል፤ እጆቹ ግን ሆዱ ላይ እንደ እርጉዝ ሴት እጅ ተጣምረዋል። ጠጋ ስትል ነቃ።

«ለኔ ነው ይሄ ሁሉ?» አለችው።

«ለአያትሽ ነው» አላት። «አንቺማ አላማረሽም አሉ።»

ሲና ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ የሸሚዟን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች። «ፍታውና ተጣጠብ፣ አባዬ። ተራዬ ነው» አለችው። እሱ ታጥቦ ተመልሶ፣ በልቶ፣ ሌላ ሙቅ ውሃ እስኪፈላ ድረስ ዝናሩን ሲና ታጥቃ ተቀመጠች። ጸጋአብ በበሩ በኩል ዓይኑን ተክሎ ሲያያት ባየች ጊዜ «ምን ታያለህ? ውሃውን አምጣ» አለችው።

ሰኞ ጠዋት በአጥሩ ማዶ የኛኮንግ ጩኸት ተሰማ።

«ማማ ማናህሎሽ! ይቺ ዶሮሽ አብዳለች! ሽንኩርቴን ታቅፋለች!»

ለካስ ቀይዋ ዶሮ በጩኸቱ ተደናግጣ ወደ ቤቷ ነው የሸሸችው። በመስኮቱ ክፍተት ገብታ፣ የኛኮንግን የሽንኩርት ቅርጫት አግኝታ፣ ሽንኩርቱን ሆዷ ሥር ሰብስባ ሁለት ቀን ሙሉ በቅን ልብ ታቅፋለች። ማናህሎሽ በደስታ ልትይዛትና ልትመልሳት ስትል ኛኮንግ ከለከለቻት።

«እዚያ አትመለስም። የፈራችበት ቦታ አትቀመጥም፤ ዶሮዬን አውቃታለሁ። እንቁላሉን አምጪው።»

ከፍያለው ራሱ በነጠላ ጫማ፣ ዝናሩን እንደታጠቀ፣ በቀዳዳው ሳይሆን ዞሮ በዋናው በር መጣ። ኛኮንግ ከላይ እስከ ታች አየችውና ለመሳቅ አፏን ከፍታ፣ ፊቱን ስታይ ተወችው። እሱ አንድ ባንድ እያወጣ ሰጣት፤ እሷ አንድ ሽንኩርት ታነሳለች፣ አንድ እንቁላል ትተካለች። ዶሮዋ ልዩነቱን ያወቀችው በሙቀቱ ነው መሰለኝ፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጋሽ ከፍያለው» አለች ኛኮንግ፣ «እኔ ወንድ ልጅ እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ላም ቢሆን ይገባኛል።»

«ላም ሆዴ ላይ አይበቃማ» አላት።

ድኖ ሥራ ከጀመረ በኋላም ከፍያለው ጠዋት ጠዋት ሳይት ከመሄዱ በፊት ኛኮንግ ቤት ጎራ ሳይል አይሄድም። አንድ ማለዳ አንዱን እንቁላል ጆሮው ላይ አስጠግቶ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ፤ ሾፌሩ ውጭ ክላክስ ያደርጋል። «ስሚ» አለና ለማናህሎሽ አቀበላት። ከቅርፊቱ ውስጥ ቀጭን፣ የጥርስ መፋቂያ የምታህል ድምፅ ወጣች። ጭው፣ ጭው። ማናህሎሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያን ቀን የሕንፃው ሥራ ያለ ፎርማን ዋለ።

ከሰባቱ አምስት ተፈለፈሉ። አንዱን ጭልፊት ከዓይናቸው ሥር ወሰደው፤ አንዱ በዝናብ ሞተ። ሦስቱ አደጉ፤ ሁለት ቄብ፣ አንድ አውራ። ወራት ሄደው የአገሩ ሰው ለነጻነቱ ድምፅ ሊሰጥ ሲሰለፍ፣ ኛኮንግ ጣቷን ቀለም ነክራ ከምርጫ ጣቢያ ስትመለስ መጀመሪያ የገባችው ማናህሎሽ ግቢ ነው። ያን ጊዜ የቄቦቹ ራስ ላይ ጉትያዋ ብቅ ብላ ነበር። ገብስማ ላባ፣ በላዩ ያቺ እንደ ጎፈሬ የቆመች ጉትያ። ማናህሎሽ ፎቶ አንስታ ለካሳዬ ላከችለት። «እማማን መሰሉ» ብሎ ጻፈላት፤ ዶሮን ከእናት ጋር ማመሳሰሉ ሁለቱንም አላስቀየማቸውም።

የሠርጉ ዕለት ሲና ቬሎዋን ለብሳ ስትወጣ፣ ማንም ሳያስታውሳት፣ ደጅ ላይ ቆመችና «የታለች የኔዋ?» አለች። የባንኩ ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ተሰለፉ። አንዲት ሚዜ ለመሳቅ ከዳዳት በኋላ ሙሽራዋ እንዴት እንደታቀፈቻት ስታይ ሳቋን ዋጠች። ከፍያለው ነበር ቄቧን ያቀበላት። ሲያቀብላት ድምፁ፣ ያ ከሲሚንቶ ማቡኪያ የሚበልጠው ድምፅ፣ አልወጣ አለው። «እኔ የታቀፍኳት ናት» ብሎ ብቻ ለተሰበሰበው ሰው ነገረ። ቄቧም በዘሯ ልማድ የጸጋአብን ሱሪ አልማረችም። ከፍያለው ሳቁ እንባውን ቀደመው።

አንዲት ቄብ ቀረች። ሁሉም ሰው የማናህሎሽ ናት ብሎ ያስባል፤ እሷም እስከዚያን ቀን እንዲያ ነበር የምታስበው። መኪናዎቹ ከሄዱ በኋላ ግን ቄቧን ይዛ ኛኮንግ ወደ ቆመችበት ሄደች።

«ይቺ ከእናት ወደ ልጅ ነው የምትሄደው» አለቻት። «አንዷ ልጄ ሄደች። ያዢ።»

«እኔ ሠላሳ ላም ነበር የምጠብቀው» አለች ኛኮንግ። ከዚያ ቀልዱ አፏ ላይ ቀረ። በነጭ ቀሚሷ ላይ ቄቧን አቀፈቻት፣ ራሷንም በጉትያዋ በኩል አሻሸቻት። «እናቴ ኢታንግ ነው የተቀበረችው» አለች ቀስ ብላ። «ምንም ይዤላት አልመጣሁም።»

ማናህሎሽ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። አብረው ወደ ቤት ገቡ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አገሩ ነጻነቱን ያወጀ ቀን ጁባ ጸጥታ የሚባል ነገር አልነበራትም። ከበሮው ከጠዋት ጀምሯል፤ የመኪና ክላክስ፣ እልልታ፣ ቆርቆሮ የሚመታ ልጅ፣ ከየቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣ ስፒከር። ማናህሎሽ ከኛኮንግና ከልጆቿ ጋር አደባባይ ልትወጣ ቀሚሷን እያስተካከለች ሳለ አንድ ነገር ትዝ አላት። የኛኮንግ ገብስማ እንቁላል ታቅፋለች። የመጀመሪያዋ ነው።

በአጥሩ ቀዳዳ ተሽሎክልካ ገባች። ከፍያለው ቀድሟታል። ለበዓሉ የለበሰውን ሱፍ ለብሶ፣ ክራባቱን አስሮ፣ ዶሮዋ ፊት ቁጢጥ ብሏል። በአንድ እጁ ደግሞ፣ ምናልባት ቢያስፈልግ ብሎ፣ ያን የካኪ ዝናር ይዟል።

ውጭ በመንገዱ ላይ ከበሮ የጫነ መኪና አለፈ፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ዶሮዋ ጉትያዋን አቆመች፣ ላባዋን ነፋች፣ እንቁላሉ ላይ ይበልጥ ተጫነች። ከፍያለው ሊያረጋጋት እጁን ቢዘረጋ በምንቃሯ ወጋችው።

«አልተነሳችም» አለች ማናህሎሽ።

«ትነሳለች?» አለ እጁን እያሻሸ። «የማን ዘር ሆና? በእናቷ በኩል ማንያህልሻል፤ በአባቷ በኩል እኔ።»

ኛኮንግ በሩ ላይ ባንዲራ ይዛ ቆማ ትሰማው ነበር። «ያላ፣ ጋሽ ከፍያለው» አለችው፣ «ተነስና ጨፍር። ልጅህ ሥራዋን ታውቃለች።»

ከፍያለው ዝናሩን አጣጥፎ ሱፉ ኪስ ውስጥ ከተተ። ሦስቱም ወጡ። ዶሮዋ ከኋላቸው፣ ጩኸቱ መሃል፣ ዓይኗን ጨፍና ቀረች።